ግማሹ የተነገረለት ቅልጥፍና፦ ሀዋሳ ስለሚሰጥ የዲፋይ ሥልጠና

አቶቴ አካባቢ የሚገኝ አንድ ማዕከል ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠው የዲፋይ፣ ማለትም ያልተማከለ ፋይናንስ (ያለ ባንክ በክሪፕቶ ገንዘብ የሚሠራ የገንዘብ አገልግሎት) ሥልጠና፣ ዋና ትኩረቱ የካፒታል ቅልጥፍና፣ ማለትም በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሥራ ማሠራት፣ ነው። አሠልጣኙ ሙያውን ያውቃል፤ በአማርኛ የማስረዳት ችሎታውም የሚመሰገን ነው።

ከሁሉም የተሻለው ስለ ዩኒስዋፕ የተሰጠው ትምህርት ነው፤ ዩኒስዋፕ ባለገንዘቦች ባስገቡት ገንዘብ ክሪፕቶ የሚለዋወጥበት፣ እነሱም ከልውውጡ ኮሚሽን የሚያገኙበት መድረክ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሁለተኛው ስሪት የገባለትን ገንዘብ ከዜሮ ጀምሮ ማለቂያ በሌለው የዋጋ መስመር ላይ ስለሚበትነው፣ አብዛኛው ገንዘብ ገበያው በማይደርስበት ዋጋ ላይ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በ2013 ዓ.ም. የመጣው ሦስተኛው ስሪት ግን ባለገንዘቡ የዋጋውን ክልል ራሱ እንዲመርጥ አስችሎታል። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ እንዳሰላው፣ የአንድ ኢተር (የኢቴሪየም ክሪፕቶ ገንዘብ) ዋጋ 2,000 ዶላር በሆነበት ሰዓት ከ1,600 እስከ 2,500 ያለውን ክልል የመረጠ ሰው፣ ዋጋው ከክልሉ እስካልወጣ ድረስ 1,000 ዶላሩ በቀድሞው ስሪት 9,470 ዶላር ገደማ የሚሠራውን ሥራ ይሠራለታል፤ የኮሚሽን ድርሻውም በዚያው ልክ ያድጋል።

ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው ቀጣዩ ስሌት ነው። ዋጋው ወደ 1,600 ቢወርድ፣ ገንዘቡን እኩል በኢተርና በዶላር ከፍሎ ሳይነካው የቆየ ሰው 900 ዶላር ይኖረዋል። ኮሚሽኑን ሳንቆጥር፣ በቀድሞው ስሪት ላስቀመጠው 894 ገደማ፣ በጠባቡ ክልል ላስቀመጠው ደግሞ 847 ገደማ ይተርፈዋል። ከ6 ዶላር ያነሰው ጉድለት ወደ 53 ያሻቀበው ገቢውን ባሳደገው በዚያው 9 ተኩል ገደማ እጥፍ ነው። ዋጋው ከዚያም በታች ሲወርድ ገንዘቡ በሙሉ ኢተር ሆኖ ኮሚሽኑ ይቆማል፤ ክልሉን ለማስተካከል የጋዝ ክፍያ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ግብይት የሚጠየቀውን የኢቴሪየም የአገልግሎት ዋጋ፣ መክፈል ያስፈልጋል፣ በዚያች ሰዓት መብራትና ኔትወርክ ከተገኘ ማለት ነው።

ስለ ብድር የተሰጠው ክፍል አጭር ቢሆንም በቂ ነው፤ ከብድሩ የሚበልጥ መያዣ መጠየቁ ካፒታልን እንደሚያስር፣ ዋጋ ሲወርድም መያዣው ወዲያው እንደሚሸጥ በግልጽ ተነግሯል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት በሕግ እንዳልተፈቀደ ማስጠንቀቁ ግን በምዝገባ ቅጹም ሆነ በማስታወሻው አልተነሳም፤ ይህ በቸልታ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም።

ገንዘብ ሳያስገባ አሠራሩን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የዩኒስዋፕ ትምህርቱ ብቻውን ለተከፈለው ዋጋ ይመጥናል። «የተግባር ልምምድ» የተባለው የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ግን ዋሌት (የክሪፕቶ ገንዘብ ቦርሳ) ከመክፈት ስለማያልፍ፣ ሰዓቱ ለዚያ ለተዘለለው ስሌት ቢውል ይሻላል።