ስድስት ወር ከፍዬ የተጠቀምኩት የኤ/ቢ ቴስት መሣሪያ፦ ምኑ ጠቀመኝ፣ ምኑ አታለለኝ

የመሣሪያውን ስም አልጠራም። የማነሳው ችግር የሱ ብቻ ስላልሆነ አንዱን ነጥዬ ማማት አልፈለግሁም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በየወሩ ይከፈልበታል፣ ሳይታችሁ ላይ ትንሽ ኮድ ትለጥፋላችሁ፣ ከዚያ አንዱን ገጽ በሁለት መልክ አዘጋጅቶ ግማሹን ጎብኚ ወደ አንዱ ግማሹን ወደ ሌላው ይልክና የትኛው እንደሠራ ይቆጥርላችኋል፤ ኤ/ቢ ቴስት የሚባለው ይህ ነው። ከጎኑ ደግሞ ሰዎች ገጹን ሲጠቀሙ በቪዲዮ የምታዩበት ክፍል አለው። እኔ የገዛሁት ለመጀመሪያው ብዬ ነው። የጠቀመኝ ሁለተኛው ነው።

ድሮ የኤ/ቢ ቴስቱን ሥራ በነፃ የሚሠራ ጉግል ኦፕቲማይዝ የሚባል ነበር፤ መስከረም 2023 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። እኔም ምትክ ፍለጋ ስዞር ነው ከዚህኛው ጋር የተገናኘነው።

ሳይቴ ኦንላይን ኮርስ የሚሸጥ ትንሽ ሳይት ነው። ሰው ይመጣል፣ ኮርሱን ያያል፣ ፎርሙ ጋ ይደርስና ይጠፋል። ከመቶ ጎብኚ ምዝገባውን የሚጨርሰው ሦስት ያህሉ ብቻ ነበር። እኔም ጥፋቱን በተኑ ላይ፣ ማለትም ለመመዝገብ በሚነካው ቁልፍ ላይ ጣልኩት። ቀለሙ ይሆን? ጽሑፉ ይሆን? በዚህ ዘርፍ የሚወራው ሁሉ ስለ በተን ስለሆነ ሌላ ነገር ትዝም አላለኝ።

በጣም የሚነገረው ታሪክ የ2008ቱ የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ነው። ቡድኑ 4 የበተን ጽሑፎችን ከ6 ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ጋር አቀላቅሎ 24 ዓይነት የመግቢያ ገጽ ሞከረ። ያሸነፈው የቤተሰቡ ፎቶ ያለበትና በተኑ «ተጨማሪ ይወቁ» የሚለው ነው። የሚመዘገበው ሰው ከ8.26 በመቶ ወደ 11.6 በመቶ ወጣ። ቡድኑ ራሱ የወደደው ቪዲዮ ደግሞ ከፎቶዎቹ ሁሉ አንሶ ተገኘ። ሥራውን የመራው ዳን ሲሮከር በኋላ ኦፕቲማይዝሊ የተባለውን የኤ/ቢ ቴስት መሣሪያ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን በሙከራው ያለፈው ጎብኚ ከ310,000 በላይ መሆኑን ነው። እኔ በወር 4,000 ካገኘሁ እግዜር ይመስገን እላለሁ።

ወደ መሣሪያው ልመለስ። አጫጫኑ ቀላል ነው፣ እዚህ ላይ አላማርርም። ኮድ የማይችል ሰው እንኳ ጽሑፉን ክሊክ አድርጎ መቀየር፣ ፎቶውን ማንሳት፣ በተኑን ወደ ላይ መውሰድ ይችላል። አንድ ነገር ግን አናደደኝ። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ አሮጌው ብልጭ ይልና ከዚያ አዲሱ ይተካዋል። ብሮውዘሩ ዋናውን ገጽ አውርዶ ማሳየት ከጀመረ በኋላ ነው የመሣሪያው ኮድ ደርሶ የሚቀይረው። መፍትሔ ብለው የሰጡኝ ኮዱ እስኪደርስ ገጹን ደብቆ ማቆየት ነው። ታዲያ ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት ሰው ባዶ ነጭ ገጽ ላይ ያፈጣል። ሳይት ለማሻሻል በገዛሁት ነገር ሳይቴን አዘገየሁት ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ «ይመዝገቡ» እና «አሁን ይጀምሩ» መካከል ነበር። በአራተኛው ቀን ዳሽቦርዱን (ውጤቱ የሚታይበትን ገጽ) ስከፍት አረንጓዴ ምልክት፦ «አሁን ይጀምሩ» አሸናፊ፣ 97 በመቶ እርግጠኛ። ልቤ ዘለለ። ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። ሙከራውን አቁሜ አሸናፊውን አደረግሁ። ወር አለፈ፣ የተመዝጋቢው ቁጥር እዚያው ቆሟል። ንቅንቅ የለም።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። «አሸናፊ» ለማለት በተለምዶ የሚጠየቀው 95 በመቶ እርግጠኝነት ነው፤ ይህ ማለት በሁለቱ ገጾች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ከሃያ ሙከራ አንዱ በአጋጣሚ «አሸናፊ» ያወጣል ማለት ነው። ይህም የሚሠራው ውጤቱን አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ካያችሁ ነው። በየቀኑ እያጮለቃችሁ አረንጓዴ ባያችሁበት ቀን ካቆማችሁ ግን የስህተቱ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል። መሣሪያው ደግሞ በየጠዋቱ በኢሜይል «ውጤትዎን ይመልከቱ» እያለ ያጮልቅልኛል! አንዳንድ መሣሪያዎች በየቀኑ መታየትን ታሳቢ ያደረገ ስሌት አላቸው። የኔው አልነበረውም።

በሁለተኛው ወር ነገር ፈልጌ አንድ ነገር ሞከርኩ። ያንኑ ገጽ ከራሱ ጋር አወዳደርኩት፣ ፊደል እንኳ ሳልቀይር። ኤ/ኤ ቴስት ይሉታል። በስድስተኛው ቀን አረንጓዴው ምልክት መጣ። ገጹ ራሱን በራሱ አሸነፈ። ያን ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። ማንኛውንም እንዲህ ያለ መሣሪያ ስትጀምሩ ይህን አስቀድማችሁ አድርጉት፤ እኔ ያደረግሁት ከረፈደ ነው።

ከዚያ ስሌቱን ሠራሁ። 3 በመቶ የሚመዘገብበት ገጽ ወደ 3.6 መውጣቱን በተለመደው የእርግጠኝነት ደረጃ ለማወቅ ለእያንዳንዱ ገጽ 13,000 ገደማ ጎብኚ ያስፈልጋል። ለሁለቱ 26,000። በኔ የጎብኚ ብዛት ከስድስት ወር በላይ ማለት ነው። የምፈልገው ከ3 ወደ 3.3 ያለውን ትንሽ ለውጥ ከሆነ ደግሞ ለአንዱ ገጽ ብቻ 52,000 ገደማ። ይህን የሚያሰላ ገጽ መሣሪያው ውስጥ አለ፣ ማለትም ያውቁታል፤ ግን ማስተካከያ ውስጥ አራት ክሊክ ታች ተቀብሯል። አረንጓዴው ምልክት ፊት ለፊት ነው።

ለትልቅ ሳይት ነገሩ ሌላ ነው። በ2012 በማይክሮሶፍት የፍለጋ ሳይት በቢንግ ላይ የማስታወቂያ ርዕስ አቀማመጥን ትንሽ የሚቀይር ሐሳብ ለወራት ማንም ሳይነካው ቆይቶ በኤ/ቢ ቴስት ሲሞከር ገቢውን 12 በመቶ አሳደገው፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ። እነሱ ጎብኚ አይቸግራቸውም።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ሥራ የምትሰጡት ሰው በስልኩ ሳይታችሁን እየተጠቀመ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ስክሪኑና ድምፁ ይቀረጻል። አምስት ሰው ወሰድኩ። «በተኑን ፈልጉ» አላልኩም። «ይህን ኮርስ ለመማር ተመዝገቡ» ብቻ።

የመጀመሪያዋ ሴት ስልክ ቁጥሯን እንደ ማንኛውም ሰው ክፍተት እያደረገች ጻፈች። ፎርሜ ክፍተት አይቀበልም ነበር። ቀዩ የስህተት መልእክት ከገጹ አናት ላይ ወጣ፣ እሷ ያለችው ታች ነው። በተኑን ነካች። ደግማ ነካች። አምስት ጊዜ። «ኔትወርኬ ነው መሰለኝ» አለች፣ ቀጥላም «ይቅርታ፣ እኔ ለቴክኖሎጂ ብዙም አይደለሁም» ብላ እኔን ይቅርታ ጠየቀች። አፈርኩ። ሁለተኛው ሰው እዚያችው ቦታ ላይ ተጣበቀ። ሦስተኛው በተኑን ጭራሽ አላየውም፣ ኪቦርዱ ሸፍኖታል። አራተኛው ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ኮፒ አድርጎ ስለለጠፈው ሰተት ብሎ አለፈ። አምስተኛዋ ገጹ ወደ ላይ ሲዘልል «እሺ፣ ጨረስኩ» ብላ ዘጋችው። አልጨረሰችም! ስክሪኑን ይዤ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ያን ሁሉ ወር ስለ በተኑ ጽሑፍ ስከራከር በተኑ ምንም አላጠፋም ነበር።

ማስተካከሉ ግማሽ ቀን ፈጀ። ክፍተቱን ኮዱ ራሱ ያጠፋዋል፣ የስህተቱ መልእክት ስህተቱ ካለበት ሳጥን ሥር ይወጣል። አሁን ከመቶው አምስት ያህል ይጨርሳል። ይህን በኤ/ቢ ቴስት ስላላረጋገጥኩት ሁሉም የዚያ ውጤት ነው ብዬ አልምልም፤ በዚያው ወር አዲስ ኮርስም ለቅቄ ነበር።

አምስት ሰው ይበቃል ወይ ለምትሉ፣ የሳይት አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2000 ያቀረበው ስሌት አንድ ሰው በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ካሳየ አምስት ሰው 85 በመቶ ገደማውን ያሳያል የሚል ነው። ችግር ለማግኘት ነው እንጂ «ከተጠቃሚዎቼ 60 በመቶው ይቸገራሉ» ለማለት አይሆንም።

ይህም ክፍል እንከን አለው። መሣሪያው የሚያቀርብላችሁ ሞካሪዎች ሥራቸው ስለሆነ አንዳንዶቹ እንደ ኤክስፐርት ነው የሚያወሩት፦ «የቀለም ንፅፅሩ ጥሩ ነው» ምናምን። ከአምስቱ ሁለቱን የራሴን ዘመዶች ያደረግሁት ለዚህ ነው። ደግሞ ሰው የሚጽፈውን ስልክ ቁጥርና ኢሜይል እንዲሸፍን ራሳችሁ ካላዘዛችሁት እንዳለ ይቀርጸዋል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ማይክሮሶፍት ክላሪቲ ነፃ ነው። ጎብኚዎች ሳይቱን ሲጠቀሙ ቀርጾ ያሳያል፣ ሰው ተናዶ ደጋግሞ የነካበትን ቦታም ምልክት ያደርግላችኋል። ሰዎቹ ግን አይናገሩም። «ኔትወርኬ ነው መሰለኝ» የምትለዋን ድምፅ እዚያ አትሰሟትም።

እኔ የኤ/ቢውን ክፍል ሰርዤ ቪዲዮውን ብቻ ይዣለሁ። በሚቀጥለው ወር የክፍያ ገጹን ለሦስት ሰዎች ልሰጥ ነው። የአንዷ ስልክ ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል፤ ልትቀይረው ስትል እንዲያውም በዚያው ይሁን አልኳት።