ሐዋሳ ያየሁት የኬሞ ክፍል፦ ማስረዳቱን ይችሉበታል፣ ወረፋው ግን ያስመርራል

አክስቴ ከይርጋለም እየተመላለሰች ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የምትወስደው ሐዋሳ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስለ ክፍሉ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፈው።

መጀመሪያ ጥሩውን። ሕመሟ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ነው። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል በሚባሉ ሁለት የኬሞ መድኃኒቶች ዕጢው በጣም አንሶላት ነበር፤ ሕክምናው ካለቀ 6 ወር ሳይሞላ ግን ተመለሰ። ዘመድ ሁሉ «ሰውነቷ መድኃኒቱን ለመደው» አለ። እሷም የራሷ ጥፋት መስሏት አዘነች። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማማ፣ የእርስዎ ሰውነት ምንም አላጠፋም፤ የተለወጠው ካንሰሩ ነው» አለቻትና ወረቀት አውጥታ መሳል ጀመረች።

እንዲህ ያለ ማብራሪያ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። 1 ሴንቲ ሜትር የምታህል ዕጢ ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉ ሴሎች አሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሲባዙ ዲኤንኤያቸው (የሴሉ የዘር መመሪያ) ላይ ስሕተት ይገባል፣ በዚህ የተነሳ ጥቂቶቹ ሕክምናው ገና ሳይጀመር መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ኬሞው ሌሎቹን ይጨርሳል። መልሰው የሚባዙት የተረፉት ናቸው።

ፓክሊታክሴልን አንዳንዶቹ ሴሎች ፒ-ግላይኮፕሮቲን በሚባል ፓምፕ ያስወጡታል፤ ሐይቃችን ላይ ዓሣ አጥማጁ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውኃ እየቀዳ እንደሚደፋው ማለት ነው። ፓምፑ ከታወቀ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ክፋቱ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን የሚባሉ ሌሎች የኬሞ መድኃኒቶችንም ጭምር ማስወጣቱ ነው፣ ስለዚህ ሴሉ ከዚህ በፊት አግኝቶት የማያውቀውን አንዳንድ መድኃኒትም ሊቋቋም ይችላል። ፓምፑን የሚዘጉ መድኃኒቶች ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርተው ነበር፤ ሕመምተኛ ላይ ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከካርቦፕላቲን የሚያመልጡት ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ዲኤንኤውን ይጎዳል፣ ሴሉ ይጠግነዋል። ወይም የተጎዳ ሴል እንዲሞት የሚያዘው ፒ53 የሚባለው ጂን ተበላሽቷል፤ ቢጎዳም አይሞትም።

መድኃኒቶችን አቀናጅተው የሚሰጡትም ለዚህ ነው፣ አንዱን ያመለጠ ሌላው እንዲያገኘው። ከቲቢ ሕክምና የተወሰደ ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የልጆች የደም ካንሰር ላይ ውጤት አሳይቷል። አክስቴም እንደ ካርቦፕላቲን ፕላቲኒየም የሚባለው ብረት የሌለበት መድኃኒት ተቀየረላት። ከሁሉ በላይ ራሷን መውቀስ አቆመች። ለዚህ ብቻ ሐኪሟን አመሰግናታለሁ።

አሁን ያልወደድኩት። የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ቀኑ ይመሻል። መድኃኒት አልቋል ተብሎ ከውጭ ፋርማሲ ፈልጉ ይባላል፤ ከዲላና ከአለታ ወንዶ የመጣ ሰው አልጋ ይዞ ያድራል። አንዴ የእሷም ቀጠሮ በዚሁ ምክንያት ወደሚቀጥለው ሳምንት ተገፋ። በጣም ተናደድኩ። በዙሮቹ መሃል 21 ቀን የሚሰጠው መቅኔው አገግሞ የደም ሴሎች እንዲመለሱ ነው፤ ያለ ምክንያት ከዚያ ሲያልፍ ግን የካንሰሩም ትራፊ ጊዜ ያገኛል።

የምትሄዱ ካላችሁ ከተቻለ ደሙን በዋዜማው አሠሩ። የተወሰደው መድኃኒት ስምና ቀን ያለበትን ወረቀት አትጣሉ፣ ካንሰሩ ከተመለሰ ቀጣዩ መድኃኒት የሚመረጠው ያንን አይተው ነው። ለክፍሉ ኃላፊዎች ደግሞ፦ እባካችሁ የመድኃኒቱን አቅርቦት አስተካክሉ፣ ያንን ሥዕልም በአማርኛና በሲዳምኛ አሳትማችሁ መጠበቂያው ግድግዳ ላይ ለጥፉት።