መሽከርከር ያቆመ የአኳሪየም ፓምፕ፦ በአቼቶ ማጽዳት ወይስ ሮተሩን መለወጥ?

በጨዋማ ውኃ አኳሪየም ውስጥ ውኃ የሚያዘዋውር ፓምፕ እየጮኸ ሲቆም፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሞተሩ መቃጠል ሳይሆን በሮተሩ (ፓምፑ ውስጥ በሚሽከረከረው ማግኔታማ ክፍል) እና በማቀፊያው መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ የካልሲየም ካርቦኔት (ኖራ መሰል ክምችት) መጋገር ነው። ይህን አቼቶ ይፈታዋል፤ 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ የያዘው የተለመደው የማዕድ ቤት አቼቶ ካርቦኔቱን አረፋ እያስወጣ ያሟሟዋል። ፓምፑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ከተፈታ በኋላ ክፍሎቹ ለጥቂት ሰዓታት ይዘፈዘፋሉ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታሻሉ፣ በንጹሕ ውኃም ይለቀለቃሉ። ሮተሩ የሚሽከረከርበት የሴራሚክ ዘንግ በቀላሉ ስለሚሰበር በኃይል መጎተት አይገባም፤ ጥቂት መታገሥ አዲስ ዘንግ ከመፈለግ እጅግ ይሻላል።

ሆኖም የሮተሩ ሽፋን ተሰንጥቆ ጨዋማው ውኃ ማግኔቱን ካዛገውና ካሳበጠው አቼቶ አይረዳም። ያበጠውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መመለስ ዝገቱን ይበልጥ ለውኃው ስለሚያጋልጥ፣ ለዓሦቹና ለኮራሎቹ ስል አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ ሮተሩ ይለወጥ። ዋጋው ከአቼቶ ቢበልጥም፣ የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ በሬዚን (ውኃ በማያስገባ ጠንካራ ሙጫ) የታሸገ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ስለሚሆን ሙሉ ፓምፕ መግዛት አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ገመዱ ወይም የሬዚኑ እሽግ ከተሰነጠቀ ግን ፓምፑ ፈጽሞ ወደ ውኃ አይመለስም።