በአሸዋ ፈንታ የተፈጨ ጠርሙስ፦ የገንዳ ማጣሪያዬ ከወራት በኋላ

በመዋኛ ገንዳዬ ማጣሪያ ውስጥ የነበረውን አሮጌ አሸዋ አውጥቼ በተፈጨ ጠርሙስ ከተካሁት ወራት አልፈዋል። ሻጮች ይህን ነገር ሲያስተዋውቁ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ውሃው ጥራት ነው። እኔ ትልቁን ለውጥ ያየሁት ግን እጥበቱ ላይ ነው።

ማጣሪያ ቆሻሻ ሲይዝ ውሃው ማለፊያ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል። መለኪያው ከንጹህ ጊዜው በ0.5 ባር ገደማ ከፍ ሲል ባክዋሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ውሃውን ከታች ወደ ላይ ገፍቶ የተጠራቀመውን እድፍ ማስወጣት ማለት ነው። በአሸዋው ጊዜ ይህ ሥራ ትዕግሥት ያስጨርስ ነበር። ጠራ ብዬ እዘጋለሁ፣ መልሼ ስከፍተው ደግሞ ድፍርስ ይወጣል። አሁን ድፍርሱ ባንዴ ግር ብሎ ይወጣና ቶሎ ይጠራል። በከንቱ ወደ ፍሳሽ የሚሄደው ውሃ በግልጽ ቀንሷል። ለእኔ ይህ ብቻውን ለውጡን ያዋጣዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጠርሙስ ፍርፋሪ ከአሸዋ ቀለል ስለሚል ከታች የሚመጣው ውሃ በቀላሉ ያነሳዋል። ፍርፋሪዎቹም እርስ በርስ እየተፋተጉ ይታጠባሉ። በዚያ ላይ ገጻቸው ለስላሳ ነው። ሻካራ የአሸዋ ቅንጣት ላይ ባክቴሪያ ተጣብቆ ልጋግ ይሠራል፣ ልጋጉ አሸዋውን ያጓጉለዋል። ከዚያ ውሃው በጓሎቹ መሃል አቋራጭ መንገድ ያበጅና በደንብ ሳይጣራ ያልፋል። ካወጣሁት አሸዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ጓል በእጄ ሰብሬ አይቻለሁ። ልጋግ ክሎሪንም ይበላል። የእኔ የክሎሪን ፍጆታ ቀንሷል፤ የአየሩ ጠባይም ስለተለወጠ ግን ሁሉንም ለጠርሙሱ አልሰጠውም።

የውሃው ጥራትስ? በጣም ጥሩ ነው። ግን ያወዳደርኩት ካረጀ አሸዋ ጋር ነው፤ አዲስና በደንብ የታጠበ አሸዋ ቢሆን ልዩነቱ ይጠብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስትገዙ ጠንቀቅ በሉ። ማንኛውም የተሰባበረ ጠርሙስ አይሆንም። መጠኑ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖ የተነፋ፣ የታጠበ፣ ስለታም ጠርዙ የተሞረደ መሆን አለበት። ከደረሱኝ ከረጢቶች በአንዱ ውስጥ የሸክላ ስብርባሪና የቆርኪ ቁራጭ አገኘሁ። ሻጩ ቀይሮልኛል፤ ቢሆንም እያንዳንዱን ከረጢት ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ክብደቱንም አስቡ፦ 100 ኪሎ አሸዋ የሚይዝ ታንክ ከ80 እስከ 85 ኪሎ ገደማ ጠርሙስ ይበቃዋል።

ስትሞሉ መጀመሪያ ታንኩን እስከ ግማሹ ውሃ አድርጉበት። ከታች ያሉት ቀዳዳማ ቱቦዎች ፍርፋሪው በደረቁ ሲወርድባቸው ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛም አድርጉ። የአሸዋ ብናኝ ውስጥ ያለው ክሪስታላማ ሲሊካ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል፤ ጠርሙስ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ግን የትኛውም ብናኝ ለመተንፈስ አይሆንም። ከሞላችሁ በኋላ ወደ ገንዳው ከመመለሳችሁ በፊት ደህና አድርጋችሁ እጠቡት፤ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ዱቄት የተበጠበጠበት ይመስላል።

ብዙ ሰው «ታዲያ የሚጠጣ ውሃ ያጣራል?» ይለኛል። የተፈጨ ጠርሙስ የሚይዘው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ እድፍ ነው። የሟሟ ጨው፣ ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጀርምም ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ክሎሪን ወይም ሌላ ማከሚያ የግድ ነው። ለመጠጥ ውሃ መስመር ከሆነ ደግሞ ለዚያ የተፈተነና የምስክር ወረቀት ያለው ምርት ብቻ ግዙ።

ሻጮች ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል ይላሉ። እኔ መመስከር የምችለው ለወራቱ ነው። በቅርቡ ክዳኑን ከፍቼ ሳየው አልጓጎለም፣ ከፍታውም አልወረደም። ፓምፓችሁ ጉልበተኛ ከሆነ ግን ፍርፋሪው ቀላል ስለሆነ ከፍሳሹ ጋር ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ከመውጫው በባልዲ ቅዱና ታቹ ላይ የሚዘቅጥ ፍርፋሪ እንዳለ እዩ። ካለ የእጥበቱን የውሃ ፍጥነት ቀንሱ።