እህል ወይስ ጥሬ ገንዘብ፦ የሴፍቲኔት ክፍያ ሁለት መልኮች

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥትና በለጋሾች ትብብር የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በእርከን፣ በመንገድና በውኃ ማቆር ሥራ ለሚሳተፉ የገጠር ቤተሰቦች በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ሲከፍል ቆይቷል። መነሻ ክፍያው ለአንድ የሥራ ቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር።

በወረቀት ላይ ሲታይ ገንዘቡ ይመረጣል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስንዴ የማጓጓዣና የመጋዘን ወጪ አለበት፤ በገበያ ላይ ሲበዛም የአካባቢውን ገበሬ ምርት ዋጋ ይጥላል። ብር ግን ለጨውና ለዘይት፣ ለልጅ ደብተር፣ ከተረፈም ለጠቦት መግዣ ይሆናል።

ይሁንና በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር፣ የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም የመግዛት አቅሙ በእጅጉ ወረደ፤ 3 ኪሎው ግን ያው 3 ኪሎ ነበር። ብዙ ተጠቃሚዎች እህሉን መምረጣቸው (ባለሙያዎችን ቢያስገርምም) ተገቢ ስሌት ነው፤ ምክንያቱም በገንዘብ ሲከፈል የዋጋ ንረቱን ሥጋት የሚሸከመው ድሃው ቤተሰብ ሲሆን፣ በእህል ሲከፈል ግን ለጋሹ ነው።

በእኔ እምነት፣ ክፍያው ከገበያ ዋጋ ጋር በየጊዜው እስካልተስተካከለ ድረስ፣ ጎተራ ሳይራቆት በጥር ገንዘብ፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ እህል መስጠቱ ይሻላል።