«ፎርማት እናድርገው» ካሏችሁ ላፕቶፓችሁን አንስታችሁ ውጡ

ይህን የምጽፈው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጎን ለጎን ለጫናችሁ ነው። አሁን ቁጥራችን እየበዛ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ ሊኑክስ ልሞክር እያለ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን አንድ ቀን ማሽኑ አልነሳ ይላችኋል። ያኔ ወዴት እንደምትሮጡ አውቃለሁ፤ እኔም ሮጫለሁ።

ነሐሴ 2016 ነበር፣ የግብር ሰሞን። የሁለት ነጋዴዎችን ሂሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም እሠራለሁ፤ እሱ ዊንዶውሱ ላይ ነው። የማስተርስ ጥናቴ ደግሞ ኡቡንቱው ላይ። ማታ ዊንዶውሱ አፕዴት አደረገ። ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፤ «ሰምቲንግ ሃዝ ጎን ሲሪየስሊ ሮንግ» ይላል። ከዚያ ራሱን ያጠፋል። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጽሑፉን በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ላፕቶፑን ይዤ ወደ ጥገና ቤት ሄድኩ።

ልጁ ፎቶውን አላየውም። አንድ ሁለቴ አብርቶ አጠፋና «እህቴ፣ ሃርድ ዲስኩ ችግር አለበት። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበታል» አለኝ።

«ፋይሎቼስ?»

«ሪከቨር እናደርግልሻለን። ዋጋው ግን ለብቻው ነው።»

ፎርማቱ 1,000 ብር፣ ሪከቨሪው 7,000 ብር። ጨንቆኝ ነበር፤ እሺ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ላፕቶፑ ላይ ያለው አንድ ሲ ድራይቭ ብቻ ነው። ኡቡንቱው የለም። በፍላሽ የሰጡኝ ፋይሎች ስማቸው የኔ ነው፣ ሲከፈቱ ግን ውስጣቸው ባዶ። «ዳታው ቀድሞም ተበላሽቶ ነበር» አሉኝ። ከፈልኩና ወጣሁ።

ማታ ፎቶውን በቴሌግራም ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። ኔትወርክ ላይ ነው የሚሠራው። ወዲያው ደወለ። «አንቺ፣ ዲስክሽ እኮ ምንም አልሆነም ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ማነው ፎርማት ያደረገብሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ያን ጊዜ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ ባወጣው የደህንነት አፕዴት ውስጥ የቆዩና ቀዳዳ ያለባቸው የሊኑክስ ማስነሻዎችን የሚያግድ ደንብ ነበረበት። ሁለት ሲስተም የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች አይነካም ተብሎ ነበር፤ ብዙዎቹን ግን ነካ። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ የኡቡንቱን ማስነሻ አየና አላሳልፍም አለ። ይኸው ነው። መፍትሔው ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚሠራው ማስተካከያ) ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት፣ ኡቡንቱ ሲነሳ በአንድ መስመር ትእዛዝ ደንቡን መሰረዝ፣ ከዚያ ጥበቃውን መልሶ ማብራት ነው። ማይክሮሶፍትም ችግሩን አምኗል፤ በግንቦት 2017 አፕዴት አስተካክሎታል።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ዊንዶውሱም ደህና ነበር። ሲበራ የቡት ማውጫውን (የትኛው ሲስተም ይነሳ የሚለውን ዝርዝር) ከፍቼ ዊንዶውስን ብመርጥ ፒችትሪዬ ይከፈትልኝ ነበር። ማውጫው በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ከግብሩ ሥራ ጋር የለያየኝ አንድ ቁልፍ ነው።

እባካችሁ ይህቺን ያዙ። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ዊንዶውስ ራሱ ሲጭናት ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ብቻ ናት። ሰነዳችሁ፣ ፎቷችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለው ሌላ ክፍል ላይ ነው። አልነሳ የሚለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የታመመው እዚያች ትንሽ ክፍል ላይ ወይም ባዮሱ ውስጥ ባለው የማስነሻ ቅደም ተከተል ነው። የበር ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት አይፈርስም።

«ፎርማት አድርገን ሪከቨር እናደርጋለን» የሚለው ንግግርም በአሁኑ ላፕቶፖች ላይ ባዶ ተስፋ ነው። በድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ፈጣን ፎርማት የፋይሎቹን ዝርዝር ብቻ ስለሚያጠፋ፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ፋይሉን ፈልፍሎ ማውጣት ይቻል ነበር። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው የአሁኑ ዲስክ) ግን እንዲህ አይደለም። ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልክለታል፤ ዲስኩም «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ተብሎ የተነገረውን ራሱ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ስም ያለው ባዶ ፋይል ነው። የኔ ፍላሽ ላይ የነበረው ይኸው ነበር። ፋይሉን ያጠፋው ራሱ ፎርማቱ ነው፤ ከዚያ ፍለጋውን ለብቻ አስከፈሉኝ።

ከኔ የተለየ ነገርም ሊገጥማችሁ ይችላል። ኡቡንቱ ጠፍቶ ቀጥታ ወደ ዊንዶውስ የሚገባ ከሆነ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ አፕዴት ቅደም ተከተሉን ቀይሮት ነው። ባዮስ ገብታችሁ ኡቡንቱን ከላይ ታደርጉታላችሁ። የተገላቢጦሹም አለ። ግረብ የሚባለው የኡቡንቱ ማስነሻ ከ2.06 ጀምሮ ሌላ ሲስተም የሚፈልግበት ሥራ ሳይጠየቅ አይሠራም፤ ስለዚህ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው የግረብ ማስተካከያ ፋይል ላይ አንድ መስመር ነው።

«ግረብ ሬስኪው» የሚል ጥቁር ስክሪን ከመጣ፣ ምናልባት እናንተ ወይ ሌላ ሰው ከዊንዶውስ ገብቶ የሊኑክሱን ክፍል ሰርዟል ወይም ነካክቶታል። የተሰረዘ ከሆነ ያ ክፍል ላይ አዲስ ነገር እንዳይጻፍበት። የተነካካ ብቻ ከሆነ ከላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ከሚሠራ የኡቡንቱ ፍላሽ) ቡት ሪፔር በሚባል ፕሮግራም ይስተካከላል።

ሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ ቁጥር ከጠየቃችሁ ግን ቆም በሉ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ ምስጠራ ነው። ሴኪዩር ቡትን መነካካት ሊቀሰቅሰው ይችላል። ቁጥሩ በአብዛኛው ዊንዶውስን ስትጭኑ ባስገባችሁት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ ከስልካችሁ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 ወዲህ አዲስ ሲጫንና በአካውንት ሲገባበት ይህን ምስጠራ በራሱ ያበራል። አብርታችሁት የማታውቁ ብትሆኑም ሊኖር ይችላል። ባዮስ ሳትነኩ ቁጥሩን አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁ ደግሞ ስለ ባዮስ ባትሪ ስሙኝ። እንደ ሳንቲም ያለች ክብ ባትሪ ናት። ስትሞት ባዮሱ ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ ሊመለስ ይችላል፣ የዲስኩ ማንበቢያ ሁኔታ ይቀየራል፣ ዊንዶውሱም «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ይቀራል። ዲስኩ ግን ደህና ነው። ባትሪዋ ተቀይራ ሁኔታው ወደነበረበት ሲመለስ ይነሳል። ምልክቷ ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት መመለሱ ነው። ሰዓቱ ብቻ ልክ 3 ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ግን ባትሪ አይደለም። ኡቡንቱ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ይመዘግባል፣ ዊንዶውስ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ልዩነቱ ያ ነው። ለዚህ ባትሪ ቀይሩ ተብላችሁ እንዳትከፍሉ።

ወደ ጥገና ቤት አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ከዚያ በኋላ የምሄድበት ባለሙያ አጠገቡ ያስቀምጠኛል፣ እያሳየኝ ይሠራል፣ ፎርማት የሚለውን ቃል እስካሁን ከአፉ አልሰማሁም። ጎበዝ ልጆች ሞልተዋል። ልዩነቱን የምታውቁት በጥያቄ ነው።

«በላይቭ ፍላሽ ከፍተህ ፎልደሮቼን አሳየኝ» በሉ። ኡቡንቱ ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ይሠራል፤ ዲስኩን ምንም ሳይነካ ውስጡን ያሳያል። ፎልደሮቹ ከታዩ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል። ቢትሎከር ያለበት ክፍል ቁጥሩን ካላስገባችሁ አይከፈትም፤ ያ ብልሽት አይደለም። ዲስኩ ታሟል ብለው ከጸኑ የስማርት (ዲስኩ ስለ ጤንነቱ ራሱ የሚይዘው መዝገብ) ምርመራ ውጤቱን አሳዩን በሉ። ከዚያ ማንኛውም ነገር ከመደረጉ በፊት ፋይላችሁ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ኤክስተርናሉ የራሳችሁ ይሁን። ይህን ሁሉ «ጊዜ የለንም» ካሏችሁ ጊዜ ያለው ጋ ሂዱ።

ጥላችሁ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ደረሰኙ ላይ «ዳታ እንዳይነካ፣ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው ይጻፉላችሁ። እኔ የተሰጠኝ ቁራጭ ወረቀት «ላፕቶፕ፣ 1» ይላል። ለመከራከር እንኳ የምይዘው አልነበረኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ያለ ጽሑፍ ግን ምን ተነገረኝ ብላችሁ ታስረዳላችሁ?

ከጥናቴ የተረፈው ለአማካሪዬ በኢሜይል የላክኋቸው ሁለት ምዕራፎች ናቸው። ሦስተኛውን ከጥሬ መጠይቆቹ ጀምሬ እንደገና ሠራሁት፤ አራት ወር ወሰደብኝ። የነጋዴዎቹን ሂሳብ ከደረሰኝ እየቆጠርኩ ሌሊት ሌሊት ጨረስኩት።

ይህን የምታነቡት ፎርማት ከተደረገባችሁ በኋላ ከሆነ ማሽኑን አሁኑኑ አጥፉት። ምንም አትጫኑበት፣ ምንም አታውርዱበት። ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ አውጥታችሁ ሪከቨሪ በትክክል ወደሚሠራ ሰው ውሰዱት፤ ጥሩ ተስፋ አለው። ኤስኤስዲ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከወጡት ፋይሎች አሥሩን ፊታችሁ ይክፈቱላችሁ። በስም ዝርዝር ብቻ አትክፈሉ።