የማተሚያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር

ስሙን አልጠራም። አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች አንዱ ነው ብዬ ልለፈው። ጥፋቱንም ልናገር ነው፣ አሁንም እጃቸው ላይ ሥራ አለኝ፣ ስለዚህ እንዲህ ይሻላል። የመጀመሪያ ልቦለዴን ያሳተምኩት እዚያ ነው። «እንዴት ናቸው? ልሂድ ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ለማታውቁ፣ እኛ ሀገር ጀማሪ ደራሲ ብዙ ጊዜ አሳታሚም ራሱ ነው። ረቂቁን አንብቦ፣ አርሞ፣ በራሱ ገንዘብ የሚያሳትምለት ካገኘ እሰየው። እኔ ሦስት ቦታ ሞከርኩ። አንዱ «ስምሽ ቢታወቅ ኖሮ ጥሩ ነበር» አለኝ። ሁለቱ አልደወሉም። እቁቤ ሲወጣልኝ ገንዘቡን ይዤ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሄድኩ።

መጀመሪያ የሰጡኝ ፕሮፎርማ ደህና ነበር። 1 ሺህ ኮፒ፣ የውስጥ ወረቀት 70 ግራም፣ ሽፋን 250 ግራም፣ ግማሹ ቀብድ። ከታች በትንንሽ ፊደል «ለ7 ቀን ብቻ ያገለግላል» ይላል። እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና ካልጻፍኩ ብዬ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በመሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣና የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚገባው። ቀለሙም እንደዚያው። ስመለስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በዚህስ አልወቅሳቸውም። የቀን ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ ይገባኛል። ከ1 ሺህ ወደ 700 ኮፒ ወረድኩ።

የምወቅሳቸው በገጽ ቅንብሩ ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ እጇ ይፈጥናል። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ፕሮግራም ግን የድሮው ዓይነት ነው፣ የእኛ ፊደል በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የተሰካበት። እኔ የጻፍኩት በዩኒኮድ ነው፣ የእኛ ፊደል የራሱ ቦታ ባለው በአዲሱ ዓይነት። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገለበጥ ገሚሱ ፊደል መንገድ ላይ ይቀራል። «ቋንቋ» የሚለው ቃል ሁለት ባዶ ሳጥን መሃል የቆመች «ን» ሆኖ ወጣ። አራት ነጥቡ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ታችኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ተገትሯል። ሦስት ዙር አረምኩ።

ሲያልቅ 229 ገጽ ሆነ። ማሽኑ ላይ የሚሠሩት አባት አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ መጽሐፍ በ16 በ16 ነው የሚሄደው» አሉኝ። አንዱ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ 16 ገጽ ይሆናል። ፎርም ይሉታል። «ወይ አምስቷን ገጽ ቀንሺ፣ ወይ አሥራ አንድ ባዶ ገጽ ተሸከሚ።» ስድስት ዓመት የደከምኩበትን ጽሑፍ አምስት ገጽ ቀንሺ ስባል እንባዬ መጣ። ቀነስኩ። እውነቱን ልናገር? ተሻለ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ዝናብ ጽፌ ነበር።

ወደ ወንበሩ ልምጣ። ከሒሳብ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። አንደኛው እግሩ አጥሮ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ገብቶለታል። እርማት፣ ማለትም ለመታረም የሚወጣው ወረቀት፣ የሚጠበቀው እዚያ ነው። «ከሰዓት ነይ» ካሏችሁ ነገ ማለት ነው። «ነገ» ካሏችሁ ሰኞ። ስለዚህ ትቀመጣላችሁ።

ከዚያ በፊት አንድም የሚጽፍ ሰው አላውቅም ነበር። ራስ ሆቴል ጦቢያ ግጥም በጃዝ የሚሉት የግጥም ምሽት ደጋግሜ ገብቻለሁ። ከኋላ ተቀምጬ፣ አጨብጭቤ፣ ማንንም ሳላናግር ወደ ቤቴ። እዚያ ወንበር ላይ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ጠባብ ነው፣ የጎረቤታችሁ እርማት ጭናችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

በቀኜ የሕይወት ታሪካቸውን የሚያሳትሙ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በግራዬ ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ የመጣች ነርስ፣ የግጥም መድበሏን ይዛ። መምህሩ ሳያስፈቅዱኝ ወረቀቴን ወሰዱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጥቂት አነበቡና በእስክሪብቷቸው ጠቆም አደረጉ። «ይቺ ሠርግ በንጉሡ ሠ ናት። ይሄን ሁሉ ብር ከፍለሽ ልጅቷን በእሳቱ ሰ ልትድሪያት ነው?»

ነርሷ ደግሞ የእሳቸውን ታነብ ነበር። «ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ገጽ 40 ላይ የቀበሯቸው ባለቤትዎ ገጽ 52 ላይ ቡና ያፈላሉ።» እሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። ከዚያ «ተዪው፣ እንዲያው ይሁን» አሉ። እንዲያው ታተመ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ከማተሚያ ቤቱ ጎን ያለች ሻይ ቤት መገናኘት ጀመርን። አንድ ፊደል የማያልፈው ዲያቆን ተጨምሮ አራት ሆነናል። ሕጋችን አንዲት ናት፤ የጻፍከውን በቃል ማስረዳት ክልክል ነው። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሄጄ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (ISBN) እንዳወጣ ያስታወሱኝ እነሱ ናቸው። አንድ አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ 40 በመቶ ጠይቆኝ እሺ ልል ስል ክንዴን የያዙኝም እነሱ ናቸው።

ስለ ጥረዛው ሳልናገር እንዳልረሳ። ሽፋኑ አምሮ ወጣ። ሙጫው ግን ደካማ ነው፣ መጽሐፉ ሲገለጥ ይንቋቋል። ይባስ ብሎ የአክስቴ ልጅ አንብባ ስትጨርስ ደወለች። «ልጅቷ መቼ ነው ያገባችው?» አለችኝ። «እንዴ፣ አላነበብሽውም?» «አንብቤዋለሁ። ሠርጉን አጣሁት። ዘመናዊ አጻጻፍ መስሎኝ ዝም አልኩ።» ሮጬ ኮፒዋን አየሁት። ከገጽ 64 ቀጥሎ 81 ይላል። አምስተኛው ፎርም የለም። ያ ሁሉ ድግስ፣ ያ ሁሉ ዘፈን፣ በንጉሡ ሠ እንደተጻፈ ቀርቷል።

የዚያን ቅዳሜ አራታችን ካርቶኖቹን እቤቴ ወለል ላይ ዘርግተን ገጽ ስንቆጥር አመሸን። ነርሷ በጣም ትፈጥናለች፣ ክኒን የመቁጠር ልምድ ነው አለች። 23 ጎደሎ ኮፒ አገኘን። ማተሚያ ቤቱ ሳይከራከር ተቀብሎ ቀየረልኝ፣ ይሄን ልመስክር። ግን አርባ ቀን ፈጀባቸው። «ክርስትና ነው እንዴ የምታስነሱት?» ብላቸው ሳቁ።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ፦ ዋጋቸው ከብዙዎቹ ይሻላል፣ ግን ፕሮፎርማ በያዛችሁ በሳምንት ውስጥ ቀብድ ክፈሉ። ጽሑፋችሁን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚቀበሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጨረሻውን እርማት ሳታነቡ አትፈርሙ። መጽሐፉን ስትረከቡ እዚያው ቆጥሩ፣ ብታፍሩም ባታፍሩም። ጠዋት ሂዱ፣ ወንበሩ ቶሎ ይሞላል።

አራታችን አሁን አንድ የጋራ መድበል አለን። ቀብዱን ባለፈው ሳምንት እዚያው ከፈልን። በክር ይሰፋልን ብለናል፣ ጭማሪውን ተካፍለን። አባባ ማሽናቸውን እየጠረጉ «ስንት ገጽ ነው?» አሉኝ። 208 አልኳቸው፣ 13 ፎርም፣ እቤት ቆጥሬ መጥቻለሁ።